ከአጥር እስከ አስፋልት፦ የደጃፍ እግረኛ መንገድን ማን ይጠግነው፣ በምንስ ይጠገን?

ባለፈው ሐምሌ አንዲት እማሆይ ከአብማ ማርያም ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ጉድጓድ አልነበረም፤ የጣላቸው እኔው ራሴ ከዓመታት በፊት «ደጃፌን ላሳምር» ብዬ ያሠራሁት ሊሾ ነው። ደግፌ ሳነሣቸው ነጠላቸውን እያራገፉ «ልጄ፣ ይህን ያሠራኸው ለዐይን ነው ለእግር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥቅምት ሲጠባ ሊሾውን አስፈረስሁና በምን ልተካው እያልሁ ግንበኛውንም፣ ድንጋይ ጠራቢውንም፣ ማዘጋጃ ቤቱንም፣ ጎረቤቱንም ስጠይቅ ሰነበትሁ። ሁሉም የየራሱን ያወድሳል፦ ሲሚንቶ የሚያቦካው አርማታን፣ ጠራቢው ድንጋይን፣ ንጣፍ ሻጩ ንጣፍን። ለሁሉም አንድ ዓይነት መመዘኛ ይዞ የሚያወዳድርልኝ ሰው ስላጣሁ ራሴው አወዳደርሁ።

የጻፍሁት ደብረ ማርቆስን አስቤ ነው። ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ላለ ሰውም አብዛኛው ይሠራል። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ የውኃው ነገር ይለያል፤ በቦታው እመለስበታለሁ። በብር ዋጋ አልጻፍሁም። የሲሚንቶ ዋጋ ዛሬ የተናገሩትን ነገ ውሸት ስለሚያደርግ ወጪውን ያነጻጸርሁት በሚፈጀው ዕቃና ጉልበት ነው።

መሬቱ የማን ነው?

የይዞታ ካርታዎን አውጥተው ይዩት። ወሰንዎ አጥሩ ላይ ያበቃል። ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ ያለው፣ ሣር የተከሉበትም ሆነ ደረጃ የሠሩበት፣ የሕዝብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዶችንና ጎዳናዎችን ከሕዝብ ንብረት ይመድባቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ንብረት ብዙ ዘመን ይዤዋለሁ ብሎ የራስ ማድረግ አይቻልም። «ሃያ ዓመት ሙሉ የጠረግሁት እኔ ነኝ» የሚለው ክርክር ለሠፈር ሽምግልና ካልሆነ አይረባም። በራስዎ ገንዘብ ማስነጠፍዎም መሬቱን የእርስዎ አያደርገውም፤ ከተማው ነገ መንገድ ላስፋ ቢል ያነሣዋል።

ታዲያ ጥገናው የከተማው ነው ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አያዋጣም፤ መንገዱን ከሚያበላሸው ነገር ብዙው የሚወጣው ከግቢያችን ነውና። የጣሪያ አሸንዳ ውኃውን ከሦስት ሜትር ከፍታ መንገዱ ላይ ሲደፋ በአንድ ክረምት ሥሩን ይቦረቡረዋል። የልብስ ማጠቢያ ውኃ በአጥር ሥር እየሾለከ ይወጣል። ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋና ጠጠሩን መንገዱ ላይ ከምሮ ወር ያስቆያል፤ ጭነት ያለው ሲኖትራክ ለእግረኛ የተነጠፈውን ረግጦ ግቢ ይገባል። የሱቅ ደረጃ ከዓመት ዓመት ወደ ውጭ ይገፋል። እነዚህን ማስተካከል የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ደንብ አስከባሪ መጥቶ እስኪያፈርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ፍትሐ ብሔር ሕጉ የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ተነቅሎ አላፊ አግዳሚ ላይ የሚወድቅ አሸንዳ ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለኝም።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ምክር ይሰማ ይሆናል። እዚያ በብዙ ከተሞች ቤት ፊት ለፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ የመጠገን ግዴታ የባለቤቱ ነው፤ ካልጠገነ ከተማው ጠግኖ ሒሳቡን ይልክበታል። ከዚያ የመጣ አጎቴ ደጃፌን አይቶ «እስካሁን አልተቀጣህም?» ሲለኝ ስቄያለሁ። የእኛ ነገር እንዲያ ስላልሆነ መጀመሪያ የሚመረጠው ዕቃው ሳይሆን መንገዱን የሚያሠራው ነው።

አንደኛው መንገድ ለከተማ አስተዳደሩ ማመልከት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ዋና መንገድ ዳር ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ምክንያቱም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች መጥቷል፤ ነገ የሚፈርስ ነገር ዛሬ በራስ ገንዘብ ማንጠፍ ሞኝነት ነው። መጀመሪያ መሠረተ ልማት ክፍሉ ሄደው «በዚህ መስመር የተያዘ ዕቅድ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ማመልከቻውን ብቻዎን ከማስገባት ስምንት አሥር አባወራ ፈርሞበት፣ የጉድጓዱ ፎቶ ተያይዞ ቢገባ ይሻላል። መዝገብ ቤት ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ሳይዙ አይመለሱ፤ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ከወሬ አይቆጠርም።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነው፦ ነዋሪው ያዋጣል፣ ከተማው የበኩሉን ይጨምራል፣ ባለሙያም ይመድባል። የድርሻው መጠን ከከተማ ከተማ ይለያያል። ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ይህን የሚያህል አላየሁም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ከፍታ፣ አንድ ቦይ፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ ይሆናል። ፈተናው መዋጮው ነው። አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም እድሩ ቢሰበስበው ይቀላል፤ የእድር ዳኛ ደጅ ሲቆም «የለኝም» ብሎ መመለስ ይከብዳል።

ሦስተኛው በራስ ወጪ መሥራት ነው። ፈጣን ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የጽሑፍ ፈቃድ ይዘው፣ የጎረቤትዎን ከፍታ ለክተው ካልጀመሩ የሚሠሩት የእግረኛ መንገድ ሳይሆን ደረጃ ነው። እኛ ሠፈር አንዱ በአሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ሠራ፤ ቀጣዩ ውኃው እሱ ጋ ስለተኛ በሃያ ከፍ አደረገ። አሁን ስድስት ቤት ለማለፍ አራት ጊዜ መውጣት፣ አምስት ጊዜ መውረድ አለ። ሰዉም ደረጃውን ትቶ ከባጃጁ ጋር አስፋልት ላይ ይጋፋል።

ከምን አንጻር እንመዝን?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ነገሩም ሥሩም ውኃ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ ማንኛውም ንጣፍ የሚመዘነው በሐምሌ እንጂ በጥር አይደለም። ከውኃው ቀጥሎ አፈሩ ነው። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ደህና ተሸካሚ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በላዩ የተጫነውን ሁሉ ሲያነሣና ሲጥል ይኖራል። የእርስዎ አፈር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። በክረምት ከጫማ ጋር ተጣብቆ እግርዎን የሚያከብድ ከሆነ ዋልካ ነው፤ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ካልወጣና በገረጋንቲ (ጠጠር በበዛበት ጠንካራ አፈር) ካልተተካ የሚያነጥፉትን አይምረጡ፤ ሁሉም እኩል ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል።

ሌሎቹ መመዘኛዎች አጭር ናቸው። እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል? ለውኃ መስመር ወይም ለኬብል ቢቆፈር መልሶ ይገጠማል? (ሳይቆፈር ሦስት ክረምት የተሻገረ የእግረኛ መንገድ ከተማችን ውስጥ ካለ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።) ባጃጅ ቢወጣበት፣ በገበያ ቀን የተጫነ አህያ ቢረግጠው ይችላል? በከዘራ ለሚሄዱ አረጋዊ፣ በበትር ለሚመራ ዐይነ ስውር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ይመቻል? ወጪውስ፣ የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ያለው?

ለማነጻጸር እንዲመች የራሴን ደጃፍ ልያዝ፦ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ በድምሩ 24 ካሬ።

ገረጋንቲ

ብዙ ሰው እንደ ድህነት ምልክት ያየዋል፤ እኔ እንደ መጀመሪያ ምዕራፍ ነው የማየው። 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ በሁለት ዙር እየተደለደለ፣ ውኃ እየተርከፈከፈበት በደንብ ከተጠቀጠቀ ሁለት ክረምት ያሻግራል። ለ24 ካሬ ተጠቅጥቆ 3.6 ሜትር ኩብ ስለሚሆን ልቅ ሆኖ ሲገዛ 4.5 ገደማ ማለት ነው። ተዳፋት ላይ ውኃው ጠርጎ ይወስደዋል፤ ለተሽከርካሪ ወንበርም አይመችም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ገንዘቡ ሲገኝ ጌጠኛ ድንጋዩ የሚቀመጠው እዚያው ላይ መሆኑ ነው። የወጣ ወጪ አይባክንም።

ጌጠኛ ድንጋይ

ኮብልስቶን የምንለው ማለቴ ነው። የጎጃም ደጋ ከጮቄ ጀምሮ የተሠራው በባዛልት ነው፤ ድንጋዩ ከእግራችን ሥር ስለሆነ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ያነሰ የመኪና ጭነት ይጠይቃል፣ የሚከፈለውም ገንዘብ አብዛኛው ለጉልበት ስለሆነ እዚሁ ይቀራል።

ለ24 ካሬ ምን ይፈጃል? አሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ከነክፍተቱ በካሬ 85 ገደማ ስለሚገባ 2,000 ያህል ድንጋይ ያስፈልጋል። ከሥሩ ከላይ የተባለው ገረጋንቲ፣ በእሱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ማለትም 1.2 ሜትር ኩብ፣ ክፍተቱን ለመሙላት ደግሞ ትንሽ ተጨማሪ። ሲሚንቶ የሚፈልገው የጠርዝ ድንጋዩን ለመያዝ ብቻ ነው።

ጠርዙን ንቆ ያለፈ ሰው ግን ሁሉን ያጣል። ድንጋዮቹን አጥብቆ የያዛቸው እርስ በርስ መጨናነቃቸው እንጂ ሙጫ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ አንዱ ከወጣ ሁለተኛው ይላላል፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ እንደተፈታ መቁጠሪያ ይበተናል። የጠርዝ ድንጋዩ ቢያንስ ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ከጀርባው አርማታ ተደግፎ መቀመጥ አለበት።

ድንጋይ ስገዛ ከአንድ ሽማግሌ ጠራቢ የተማርሁትን ልንገርዎ። ክምሩ ጋ ቁጭ ብለው ሁለት ድንጋይ አንሥተው አጋጩ፤ ጥርት ብሎ እንደ ደወል ጮኸ። ሌላ ሁለት አንሥተው አጋጩ፤ ድምፁ እንደ ጡብ ደንቁሮ ቀረ። «ይኸ የበሰበሰ ነው፣ በሁለት ዓመት ቅርፊት ይተፋል» ብለው ወደ ጎን ወረወሩት። ከዚያ አንዱን ገልብጠው ሥሩን አሳዩኝ፤ እንደ ጥርስ የሾለ ነበር። «ላዩ አማረ ብለህ እንዳትገዛ፣ ሥሩ የሾለ ድንጋይ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።» ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋይ የምመርጠው ገልብጬ ነው።

ድክመቱን አልደብቅም። ሻካራ ነው፤ ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ ያንገጫግጫል፣ ተረከዙ ቀጭን ጫማ ያደረገች ሴት ታማርርበታለች። አሸዋው ከክፍተቱ በየክረምቱ ስለሚታጠብ መስከረም ላይ በመጥረጊያ መልሶ መሙላት ያስፈልጋል፤ የአንድ ጧት ሥራ ነው። ተዳፋት ላይ ረድፉ ቁልቁለቱን አቋርጦ እንጂ ከቁልቁለቱ ጋር መውረድ የለበትም፤ አለዚያ ውኃው ክፍተቱን እንደ ቦይ ይጠቀምበታል። ዘመን ሲቆጥርም ድንጋዩ በእግርና በጎማ እየተወለወለ ይለሰልሳል፤ ጭቃ ያለበት የለሰለሰ ድንጋይ ደግሞ ከሊሾ ብዙም አይሻልም።

ሆኖም ሲቆፈር ያለው ጥቅም ከሌላው ሁሉ ይበልጥብኛል። ይነሣል፣ ይከመራል፣ ይመለሳል። አርማታ ቢሆን ኖሮ ፍርስራሹን የሚጥልልን ጋሪ እንፈልግ ነበር።

አርማታ

10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለ24 ካሬ 2.4 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለሜትር ኩብ ሰባት ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ቢገባ 17 ከረጢት ገደማ። ለእግረኛ ምቾት የሚወዳደረው የለም፦ ዊልቸርም፣ ከዘራም፣ ሕፃንም ይሄድበታል። ግንበኛው ላዩን በማንኪያ እንዳያለሰልሰው ተቆጣጥረው፣ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም እንዲያጭረው ያድርጉ፤ ያ ጭረት ነው በሐምሌ እግር የሚይዘው። በግድ ካላስቆሙት ያለሰልሰዋል፤ ሙያ የሚመስለው ማለስለስ ነው።

ሁለት ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አንዱ ክፍተት ነው፦ በየ2 ሜትሩ የውፍረቱን ሩብ ያህል ጥልቀት ያለው መስመር ካልተበጀለት ራሱ በፈለገበት ይሰነጠቃል። ሌላው ውኃ ማጠጣት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በማግሥቱ ጠንክሯል ብለው የሚተዉት አርማታ በዓመቱ ዱቄት ይሆናል፤ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ሰባት ቀን ማጠጣት ነው። ዋልካ ላይ ግን እኔ አልመክረውም። ድንጋይ ቢሰምጥ አንሥቶ ማስተካከል ይቻላል፤ የተሰበረ አርማታ እንደተሰበረ ይኖራል።

ጥገናው ላይ ደግሞ ቂም አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት መስመር ሊዘረጋ የጎረቤቴን አርማታ በመሐሉ ሰንጥቆ ቆፈረ። አፈሩን ሳይጠቀጥቅ መልሶ ላዩን አንድ ባሬላ የሲሚንቶ ቡካታ ደፋበትና ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ጥጋኙ ሰመጠና ረጅም የውኃ ገንዳ ሆኖ ቀረ፤ ልጆች ወረቀት ጀልባ ሲነዱበት ከረሙ።

የሲሚንቶ ንጣፍና ቴራዞ

በአዳዲስ መንገዶች ዳር የምናየው ባለ ቀለሙ ነው፤ ቴራዞ የሚባለው የድንጋይ ስብርባሪ ገብቶበት ላዩ የተፋቀው ነው። ያምራል፤ ሻካራ ፊት ያለው ከተመረጠ አያንሸራትትም፤ ለዐይነ ስውራን የሚሆን ጎርበጥ ያለ መስመር ለማስገባትም ከሁሉ ይመቻል። ስሌቱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። 40 በ40 የሆነ ንጣፍ ለ24 ካሬ 150 ይገባል። ከሥሩ 8 ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶው ትንሽ ቀነስ ያለ አርማታ 11 ወይም 12 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማጣበቂያው ቡካታ ደግሞ አምስት ያህል ይወስዳል። ይህም አርማታው ብቻውን የሚበላውን ያህል ሲሚንቶ ነው፤ የንጣፉ ዋጋ በላዩ ይመጣል። ከሥሩ ያለውን አርማታ አስቀርተው በአሸዋ ላይ ብቻ ላንጥፍልዎ የሚል ቢመጣ ቀጭኑ ንጣፍ የባጃጅ ጎማ ሲያርፍበት ጠርዝ ጠርዙን እንደ ብስኩት እንደሚቆረስ ይወቁ። የተሰበረውን ለመተካት ደግሞ ያው ቀለም፣ ያው መጠን ከሁለት ዓመት በኋላ መገኘቱ የዕድል ነገር ነው።

ሊሾና ሴራሚክ

ለደጃፍ አይሆኑም። እማሆይን ይጠይቁ።

በአንድ ዕይታ

| ዓይነት | ሐምሌን መቻል | እርጥብ ሲሆን | ቢቆፈር | ባጃጅ ቢወጣበት | ለተሽከርካሪ ወንበር | የመጀመሪያ ወጪ | የየዓመቱ ሥራ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ገረጋንቲ | ሜዳ ላይ ደህና፣ ተዳፋት ላይ ደካማ | አያንሸራትትም | በቀላሉ ይመለሳል | ይቦረቡራል | አይመችም | በጣም ዝቅተኛ | መሙላትና መጠቅጠቅ |
| ጌጠኛ ድንጋይ | ጠርዙ ከጠነከረ በጣም ጥሩ | ሲያረጅና ጭቃ ሲይዝ ያንሸራትታል | ተነሥቶ ይመለሳል | ይችላል | ያንገጫግጫል | መካከለኛ፣ አብዛኛው ጉልበት | አሸዋ መሙላት |
| አርማታ | ቀይ አፈር ላይ ጥሩ፣ ዋልካ ላይ ይሰነጠቃል | ከተጫረ አያንሸራትትም | ጥጋኙ ይሰምጣል | ይችላል | ከሁሉ ይመቻል | ከፍተኛ | እምብዛም |
| ንጣፍና ቴራዞ | ሥሩ አርማታ ከሆነ ጥሩ | እንደ ፊቱ | ብዙው ይሰበራል | ጠርዙ ይቆረሳል | ይመቻል | ከሁሉ ከፍተኛ | የተሰበረ መተካት |
| ሊሾ፣ ሴራሚክ | ይነሣል፣ ይላጣል | ይጥላል | አይመለስም | ይሰበራል | ሲደርቅ ብቻ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ይቅርታ መጠየቅ |

ለማን የትኛው?

ኪሱ ሳሳ ላለ ሰው፦ ገንዘቡን መጀመሪያ ለአሸንዳና ለቦይ ያውሉት። አሸንዳው በቱቦ ወርዶ ከእግረኛ መንገዱ ሥር ወደ ቦዩ ከገባ፣ ቦዩም ከደለል ከጸዳ የችግሩ ግማሽ አልቋል። በተረፈው ገረጋንቲ ያልብሱ፤ ለአንድ ሜትር ስፋት 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል አድርገው።

የውስጥ መንገድ ላይ ሆነው ከጎረቤት ጋር መስማማት ከቻሉ ጌጠኛ ድንጋይ በመዋጮ። ካልተስማሙም ከጎንና ጎንዎ ያሉትን ሁለት ሰዎች ብቻ ይያዙ፤ ሦስት ደጃፍ በአንድ ውኃ ልክ ከተሠራ ይበቃል።

ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ መንገድ ዳር ያሉ፣ አፈሩም ቀይ ከሆነ፣ የተጫረ አርማታ ይምረጡ። ከመንገዱ ወደ ደጅ የሚወጣው ተዳፋት ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ረዳት ይወጣዋል። ይህን መለኪያ ግንበኛው ላያውቀው ስለሚችል ራስዎ በሜትር ይለኩ።

መኪና የሚያስገባ በር ያላቸው፦ በሩ ስፋት ላይ ብቻ 15 ሳንቲ ሜትር አርማታ ከፌሮ ጋር፣ ግራና ቀኙን ድንጋይ። መላ ደጃፉን ለአንድ መኪና ብሎ በፌሮ ማሰር ገንዘብ መቅበር ነው።

ባሕር ዳር ያሉ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨምሩ። ከተማዋ ጣና ዳር ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ውኃው ራሱ አይሄድም፤ የቦዩ መውጫ የት እንደሆነ ሳያዩ ንጣፉን ከፍ ማድረግ ውኃውን ወደ ጎረቤት ሳሎን መላክ ነው። ሁለተኛው ዛፍ ነው። ሥሩ ንጣፉን ሲያነሣው ከግንዱ አጠገብ ያለውን ትልቅ ሥር አይቁረጡ፤ ዛፉ በንፋስ ቀን መኪና ላይ ይወድቃል። በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል አፈር ክፍት ትተው ቀሪውን በጌጠኛ ድንጋይ ያድርጉት፤ ሥሩ ሲያነሣው ድንጋዩን አንሥቶ አሸዋ መቀነስ ይቻላል።

ከሠራተኛ ጋር ሲስማሙ

ቁፋሮው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ አፈሩ ገና አልተሰነጠቀም፣ ጭቃም አይደለም። ሰኔ ላይ የሚጀመር ሥራ ነሐሴ ላይ የሚያልቅ መስሎት የጀመረ ሰው እኔ አውቃለሁ፤ መስከረም ላይ ገና ጉድጓዱን እየጨለፈ ነበር።

ክፍያው በቀን ሳይሆን በካሬ ይሁን፤ የገረጋንቲው፣ የአሸዋው ውፍረት ውል ላይ ይጻፍ። ከተሸፈነ በኋላ 15 ይሁን 5 ሳንቲ ሜትር ማን ያያል? ስለዚህ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ያለችውን ቀን ሌላ ቀጠሮ አይያዙባት። ሜትር ይዘው በሦስት ቦታ ይለኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ከአጥሩ ጥግ ይድፉና ይቁሙ። ውኃው ወደ ቦዩ ከሄደ ይክፈሉ። መሐል ላይ ከተኛ፣ ወይም ወደ በርዎ ከተመለሰ፣ ቀሪው ገንዘብ እጅዎ ላይ ይቆይ።

እኔ በመጨረሻ ያስነጠፍሁት ጌጠኛ ድንጋይ ነው፤ ደጃፌ ግማሹ ዋልካ ስለሆነ ብዙ ምርጫ አልነበረኝም። ወደ በሬ የሚያስገባውን አንድ ሜትር ተኩል ግን የተጫረ አርማታ አደረግሁት። የካቲት ላይ የውኃ መስመር ሊያስተካክሉ መጥተው አራት ካሬ ያህል አነሡ። ሲመልሱት ሰባት ድንጋይ ጎደለ፤ ሲሠራ ከተረፈው ሃምሳ ያህል ግቢዬ ጥግ ላይ ከምሬ ስለነበር ከዚያ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ከአንደኛው ሠራተኛ ጋር ከሰዓት በኋላ ጨረስነው፤ አሸዋውን እኔ ጠረግሁት።